ድንቅቱ ከሽማግሌ የሸሸችበት በጋ

ድንቅቱን የሚያስታውስ ሰው አምቦ ውስጥ ዛሬም አይጠፋም። ሰልባጅ ትሸጥ ነበር። ገበያው ዳር ሸራዋን ትዘረጋና ኮቱን፣ ሹራቡን፣ የፈረንጁን ሱሪ ሁሉ እንደ ጭድ ትከምረዋለች። «ግዢው የኔ እናት፣ ባልሽ ሌላ ሴት መሰልሽው ብሎ ከደነገጠ እመልስልሻለሁ» ትላለች። ሻካራ ድምፅ ነበራት፤ ስትስቅ ሁሉቃ ወንዝ ማዶ ይሰማል። እኔና እሷ አጥር ለአጥር ነን። እኔ የማርያም ነኝ፣ እሷ የመካነ ኢየሱስ፤ እኔ ስጾም እሷ በአጥሩ ላይ የሥጋ ሽታ ትልክብኛለች፣ እኔ ደግሞ ፋሲካ ሲሆን በዶሮዬ እከፍላታለሁ። ተኳርፈን አናውቅም። ነፍሷን ይማር፣ ከሄደች ሰነበተች፤ አጥሩም አሁን ብሎኬት ሆኗል።

ያ በጋ መቼ እንደነበር ልጆች ይቁጠሩት። ሚሌኒየሙን ካከበርን ወዲህ ነው፤ ያን ጊዜ ሴት ልጅ ያለው ሁሉ «አረብ አገር» የሚለውን ነገር ቀን ከሌት ይሰማ ነበር። ሌላው ሰው ከፖሊስ ሲሸሽ ድንቅቱ ከሽማግሌ የሸሸችው ያኔ ነው።

ነገሩ የመጣው በለንሳ ነው። ለንሳ የድንቅቱ የእህት ልጅ ናት። እናቷ ሸነን ላይ ስትሞት ድንቅቱ ታቅፋ አመጣቻት፤ በዚያው ልጇ ሆነች። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ኢዶሳ ዐይኑን ጣለባት። ኢዶሳ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ሥራው ደላላ። ሁለት ሞባይል ይዞ ይዞራል፤ ሁለቱም ካርድ የላቸውም፤ ግን ሁለቱንም ጆሮው ላይ አድርጎ ያወራል። አንድ ቀን ድንቅቱ ደጅ መጣ፤ እኔም በአጥሩ በኩል ነበርኩ።

«እትዬ ድንቅቱ፣ ለንሳን ስጪኝ። ቤሩት ፎቅ ላይ ነው የምታድረው።»

«ፎቅ ላይ ወጥታ ምን ልትሠራ?»

«ምን ትሠራለች፣ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። እዚያ ሥራ ማለት እሱ ነው።»

«ገና ዐሥራ ስድስቷ እኮ ነው፣ አንተ!»

«ዕድሜውን ለኔ ተይው። በኔ እጅ ስንቱ ልጅ በአንድ ቀን አድጓል!»

ድንቅቱ የያዘችውን ኮት አነሣች፤ የኮቱ ቁልፍ ትልልቅ ነበር። ኢዶሳ ጭንቅላቱን ይዞ ሮጠ፤ እኔም ስቄ ሞትኩ። መሳቄ እስከ ገበያው ቀን ነው የቆየው። ድንቅቱ እጃጂ ገበያ ውላ ስትመለስ ለንሳ የለችም። ኢዶሳ ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ አግባብቶ፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው የሚል መታወቂያ አሲዞ ወስዷታል። የወሰዳትም ወደ አውሮፕላኑ ሳይሆን በመኪና ወደ መተማ ነው። ቤሩት በመተማ በኩል እንዴት እንደሚኬድ እስከ ዛሬ የሚያስረዳኝ አጥቻለሁ። ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ቤት ውስጥ ተቆልፎባቸው ከርመው ፖሊስ ደርሶ አወጣቸው። ለንሳ ስትመለስ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ነበር የምትቀመጠው። ስትጠራ ትደነግጣለች፤ ስትጠየቅ ዝም ትላለች። ስለዚያ ቤት አንድም ቃል ሳትናገር ወራት አለፉ። ድንቅቱ ሳቋን ያቆመችው ያኔ ነው፤ ገበያው ራሱ ጸጥ ያለ መሰለን።

ኢዶሳ ተይዞ በዋስ ወጣ፤ ክስም ተከፈተ። ዐቃቤ ሕጓ ሃዋኒ የምትባል ገና ልጅ እግር ናት፤ እግሯን እያሳመማት በታኮ ጫማ እስከ ሰልባጁ ድረስ መጣች።

«አዴ ድንቅቱ» አለች፣ ለትልቅ ሴት እንዲያ ነው የሚባለው፤ «ልጅቷ አልተናገረችም፤ ዕድሜዋን እያወቀ መውሰዱን ከአፉ የሰሙት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ከተዉት ጎረቤትም አይመሰክርም። እርስዎ ከመሰከሩ ነገሩ ቀላል ነው።»

«እመሰክራለሁ።»

«ሁሉም እንዲህ ይለኛል። እያለቀሱ መጥተው ያመለክታሉ፤ ከቀጠሮው በፊት ሽማግሌ ይገባና ይታረቃሉ። ባለፈው አንዱ አባት ችሎት ፊት ቆሞ፣ ‹ይህን ልጅ እንደ ወንድሜ ነው የማየው› አለኝ። ልጁ እኮ ሴት ልጁን የሸጠበት ነው!»

«እኔ አልታረቅም።»

«ሽማግሌ ቢመጣስ?»

ድንቅቱ አጠገቧ ያለውን ሹራብ ማጣጠፍ ጀመረች። ምን ትበል! በኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ደጅሽ ከቆመ፣ ተቀምጦም ቃሉን ከተናገረ አለቀ። ማዘግየት ይቻላል፣ ማኩረፍ ይቻላል፣ ትንሽ ማልቀስም ይቻላል። እምቢ ማለት ግን የለም። እምቢ ያለ ሰው ሲታመም ማን ይጠይቀዋል? ሲሞትስ ማን ይቀብረዋል?

ዐቃቤ ሕጓ ከሄደች በኋላ ድንቅቱ ስታስብ ቆየችና «ወለቴ» አለችኝ፤ «እምቢ ማለት ነውር ነው። ቤት አለመገኘትስ ነውር ነው?»

«እሱማ ምን ነውር አለው» አልኳት።

«በቃ። እስከ ቀጠሮው ቀን አልገኝም።»

የኢዶሳ እናት የላከቻቸው ሽማግሌዎች ሦስት ናቸው። ዋናው ኦቦ ፈዬራ ነበሩ፤ ረጅም፣ ሪዛቸው የነጣ፣ በዕድሜያቸው ያላስታረቁት ጠብ የለም የሚባሉ። ሁለተኛው ኦቦ ባይሳ፣ አጭር ናቸው፣ ርካሽ ዕቃ ካዩ ነገራቸውን ይረሳሉ። ሦስተኛው ኦቦ መርጋ የድንቅቱ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ የተጨመሩትም አላውቃቸውም እንዳትል ነው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ልጁ አጥፍቷል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ መንደሩ ይረጋጋል፣ ብለው ነው የተነሡት።

መጀመሪያ የመጡት በማለዳ ነው። ድንቅቱ ከሩቅ አይታቸው በአጥሩ ሽንቁር ወደኔ ገባች፤ ሰውነቷ ወፍራም ነበርና ሽንቁሩ ከዚያ ወዲህ ሽንቁር መሆኑ ቀርቶ በር ሆነ። እኔ ደጄ ላይ ተቀመጥኩ።

«ነጋ ቡልተኒ፣ ወለተ ማርያም» አሉ ኦቦ ፈዬራ፤ ደኅና አደራችሁ ማለታቸው ነው። «ድንቅቱ አለች?»

«ቤቷ የለችም» አልኩ። እውነቴን ነው፣ እኔ ቤት ነበረች።

ችግሩ በጋ መሆኑ ነው። መጋቢት ላይ እርጥብ ሳር ከየት ይመጣል? ሁሉቃ ዳር ወርደው ቆርጠው እስኪመጡ ጸሐዩ ያደርቀዋል፤ የደረቀ ሳር ይዞ መለመን ደግሞ መሳለቅ ነው። ስለዚህ ኦቦ ባይሳ አንድ ሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልተው፣ ሳሩን እንደ ሙሽራ አበባ ነክረው ይዘው መዞር ጀመሩ። ሦስት ሽማግሌ ጠርሙስ ይዘው ሲያልፉ ያየ ሁሉ ድንቅቱ አልተገኘችም ማለት ነው እያለ ይስቅ ነበር።

ጉደር ገበያ ላይ ሊይዟት ትንሽ ነው የቀራቸው። ከጎኗ ሰልባጅ የምትሸጠው ሙሉወርቅ ናት እንዲህ ብላ ያወራችኝ። ድንቅቱ ከባቄላው ተራ በኩል የኦቦ ፈዬራን ነጭ ሪዝ አየች። መሸሻ የለም። ሸራው ላይ ተኛችና ልብሱን በላይዋ ናደችው። ሽማግሌዎቹ ደረሱ።

«ድንቅቱን አይተሻታል?»

«አሁን እዚህ ነበረች» አለች ሙሉወርቅ።

መሄድ ጀምረው ሳለ ኦቦ ባይሳ ከክምሩ ላይ አንድ ወፍራም ግራጫ ኮት አዩ። እጅጌውን ያዙ።

«ይሄ ስንት ነው?»

«እሱ አይሸጥም፣ አባቴ።»

«የማይሸጥ ከሆነ ለምን ገበያ ወጣ?» ብለው ሳቡት። ኮቱ አልመጣም። ደግመው ሳቡ፤ ኮቱም መልሶ ሳባቸው። «ፈዬራ! ኮቱ ያዘኝ!»

«ለሽምግልና ነው የመጣነው ወይስ ለኮት?» አሉ ኦቦ ፈዬራ።

«ቆይ፣ ዋጋ ልስጥ» አሉና ኦቦ ባይሳ ዋጋ ሰጡ። ዋጋው ምን ያህል እንደነበር አላውቅም፤ እንደ ሙሉወርቅ አባባል ግን ለካልሲም የሚያሳፍር ነው። ድንቅቱ ሽማግሌ ቻለች፣ ሙቀቱን ቻለች፣ የልብሱን አቧራ ቻለች፤ ያንን ዋጋ ግን መቻል አቃታት። ከክምሩ ሥር ድምፅ ወጣ፦

«በዚህ ዋጋ እንኳን ኮቱን ቁልፉንም አታገኘውም!»

ኦቦ ባይሳ «ዋቀዮ! አምላኬ!» ብለው ጠርሙሱን ጣሉ። ድንቅቱ ኮት ደርባ፣ ሹራብ በራሷ ላይ ተንጠልጥሎ ተነሣችና ሁለት ጆሮዋን ይዛ ሮጠች። ቃላቸውን ካልሰማች አልተለመነችም። ሽማግሌ ደግሞ አይሮጥም፣ ክብሩ አይፈቅድለትም። ቆመው እያዩዋት ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ሚኒባሱ ወደ ጊንጪ ነበር የሚሄደው፤ እሷ ግን ሳትጠይቅ ነው የተሳፈረችው። ጭልሞ ደን አጠገብ አንድ ዘመዷ ቤት ሰነበተች።

እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን መቅረት አልሆነላትም። ኦቦ መርጋ በሩ ላይ ሳሩን ይዘው ቆሙ። ድንቅቱ በጓሮ በኩል ገብታ መዘምራኑ መካከል ቆመች፤ ለሚዘምር ሰው ሽማግሌ አይላክም። ድምፅዋን ነግሬያችኋለሁ። መሪው በዐይኑ ለመናት፣ በእጁ ለመናት፣ አልሰማችውም። መዝሙሩ ሲያልቅ ሁሉም ተቀመጠ፤ ድንቅቱ ብቻዋን ቀጠለች። እግዚአብሔርን እንዲህ ሳትተነፍስ ያመሰገነ ሰው በዚያ ቤተ ክርስቲያን ታይቶ አይታወቅም ይላሉ።

በመጨረሻ የያዛት ለቅሶ ነው። የእድራችን አንድ አዛውንት ሞቱና ድንኳን ተጣለ። ከምንም ይቀራል፣ ከለቅሶ አይቀርም። እኔና እሷ ድንኳኑ መሐል ተቀምጠን ሳለ ሦስቱ ገቡ፤ አንዱ በቀኟ፣ አንዱ በግራዋ፣ አንዱ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ከለቅሶ ቤት ተነሥቶ አይሮጥም። ሳሩ አረንጓዴ ነበር፤ ሟቹ ጓሮ የመስኖ ጎመን ስለነበራቸው ከዚያው ዳር ነው የቆረጡት።

«ድንቅቱ ልጄ» አሉ ኦቦ ፈዬራ፤ «አደከምሽን።»

«እኔም ደክሞኛል» አለች። እንባዋ ወረደ። ለቀስተኛው ለሟቹ የምታለቅስ መስሎት አብሯት አለቀሰ።

«ይህን ሳር ብለሽ፣ ልጁን ማሪው።»

እንባዋን ጠረገች። ቀጥላም «እሺ» አለች፤ «ግን እንደ ደንቡ ይሁን። መጀመሪያ አጥፊው ተቀምጦ ያጠፋውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ይናገር። ለንሳ አልነገረችኝም። ምን እንዳደረጋት ልስማ።»

ሰው በኋላ ብልኃት ነው አለ። አልነበረም። ተስፋ ስትቆርጥ ነው ያለችው፤ አጠገቧ ነበርኩ።

ኦቦ ፈዬራ ግን ደስ አላቸው። «ደንቡማ ይኸው ነው! በኔ ፊት ጥፋቱን አስቀርቶ የታረቀ የለም!»

በማግስቱ እርቅ ከሚወርድበት ሾላ ሥር ተቀመጥን። እኔ እንደ እህቷ ሆኜ ከጎኗ ነበርኩ። ለንሳን ያስታወሳት የለም፤ ቤት ቀረች። ኢዶሳ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ ዛሬ ከታረቀ ነገ ምስክር የለም፣ ምስክር ከሌለ ክስ የለም፣ ፊቱ እንደ በዓል ነበር።

«አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» አለ።

«እሱ በሩ ነው» አሉ ኦቦ ፈዬራ፤ «ወደ ውስጥ ግባ።»

ገባ። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ መሆኑን ድንቅቱ እንደነገረችው፣ እሱ ሃያ አራት እንዳደረጋት፣ መተማ ላይ የተቀበሉት ሰዎች ስንቅ ሳይሰጧቸው እንደቆለፉባቸው፣ ደውላ ስታለቅስ ስልኩን እንደዘጋባት ተናገረ። ድንቅቱ እጄን ይዛ ነበር፤ አጥንቴን የሰበረችኝ መሰለኝ።

«ሌላስ?» አሉ ኦቦ ፈዬራ።

«ሌሎችም አሉ። የጊንጪ እህትማማቾች። የእጃጂው አንጥረኛ ልጅ።»

«ሌላስ?»

«ጨረስኩ።»

«አፍህ ጨረሰ፣ ዐይንህ አልጨረሰም። ምን ያሸሽሃል?»

«ኦቦ ፈዬራ፣ ይችኛዋ ትቅርብኝ።»

«በኔ ሽምግልና የሚቀር የለም!»

«ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው።»

«ለኔ ብለህ? ታራቂው እኔ ነኝ እንዴ! ተናገር!»

«ተናገር እባክህ» አሉ ኦቦ ባይሳ፤ «ወገቤን አሞኛል።»

ኢዶሳ መሬት መሬቱን እያየ «ጃለኔም አለች» አለ።

«የትኛዋ ጃለኔ?»

«የእርስዎዋ። የልጅ ልጅዎ።»

«ማል ጄቴ? ምን አልክ? የኔዋ ጃለኔ አዳማ ኮሌጅ ናት! ባለፈው ሰሞን ደውላ ሙቀቱ በዛብኝ ብላኛለች!»

«ሙቀቱስ እውነቷን ነው» አለ ኢዶሳ፤ «ያለችው ግን ቤሩት ነው። እኔ ነኝ የላክኋት። አያቴ እንዳይሰማ አደራ ብላኝ ነበር።»

 ኦቦ ፈዬራ ምርኩዛቸውን አነሡ፤ የሚመቱት መሰለን። መልሰው አስቀመጡት። ሽማግሌ የጀመረውን እርቅ አያፈርስም። በተሰበረ ድምፅ ደንቡን እስከ መጨረሻው አደረሱ። ኢዶሳ የድንቅቱን ጉልበት ሳመ፤ እሷም እንደ ደንቡ «ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። ልቧም ይሁን አፏ፣ እሷና አምላኳ ያውቁታል። ምርቃቱ አልቆ ስንነሣ ኦቦ ፈዬራ ድንቅቱን ጠጋ አሉና «ችሎቱ መቼ ነው?» አሏት።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሃዋኒ ድንቅቱ መታረቋን ሰምታለች፤ እንደ በጋው ሳር ጠውልጋ ተቀምጣለች። ድንቅቱ ተጠራች፤ ማለችና የሰማችውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረች። የኢዶሳ ጠበቃ ብድግ አለ።

«ከተከሳሹ ጋር ታርቀዋል አይደል?»

«ታርቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይመሰክሩበታል?»

«የታረቅሁት እኔ ነኛ። የተቆለፈባት ግን እኔ አይደለሁም።»

ሳቅ ተነሣ፤ ዳኛው ጠረጴዛውን መታ። ቀጥለው የገቡት ኦቦ ፈዬራ ናቸው። ሃዋኒ ምስክር ሊሆኑላት የመጡ መሆናቸውን ያወቀችው ጠዋት በራፉ ላይ ነው፤ ለማስታረቅ መጡ ብላ ልትደበቃቸው ምንም አልቀራት። ጠበቃው «ሽማግሌ በእርቅ ላይ የሰማውን ያወጣል?» ብሎ ያዛቸው።

«አያወጣም» አሉ። «ሁለት ሰው ሲታረቅ የሰማሁትን ይዤው እቀበራለሁ። እዚያ ሾላ ሥር ግን የተበደሉት አልነበሩም። አክስቲቱን ስናሳድድ ጠርሙስ ይዘን ስንቱን አገር ዞርን፤ ልጅቱ እቤቷ ተቀምጣ ሳለ አንድ ቀን ወደሷ ዞር ብለን አላየንም። ይህ የኛ ጥፋት ነው። እሱም የነገረን ይህን ነው» ብለው ተናገሩ። የጃለኔ ስም ላይ ሲደርሱ ውሃ ጠየቁ።

ከዚያ ለንሳ ተነሣች። ስትጠራ የምትደነግጥ ልጅ ናትና ፈራሁላት። ዳኛው ቀስ ብሎ በኦሮምኛ ጠየቃት። ስለዚያ ቤት ተናገረች፤ ስለ በሩ፣ ስለ ቁልፉ ድምፅ፣ ውሃ ስለሚሰጣቸው ሰውዬ። ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ የሚያስል ሰው እንኳ አልነበረም። ድንቅቱ ይህን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው እዚያ ነው።

ኢዶሳ ተፈረደበት። ፖሊስ ይዞት ሲያልፍ ድንቅቱን አየና ጮኸ፦ «እትዬ ድንቅቱ! ታርቀን ነበር እኮ!»

«ታርቀናል!» አለችው። «ስንቅ አመጣልሃለሁ!»

ሰው ለቀልድ የመሰለው ነበር። እሷ ግን የታረቀችው ሰው ታስሮ ዝም ልትል አትችልም፤ እርቅ እርቅ ነው። በጠያቂ ቀን ሰልባጇን ለሙሉወርቅ ትታ ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ ትሄዳለች። ጃለኔም ከብዙ ስልክና ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ተመለሰች፤ ኦቦ ፈዬራ ቦሌ ድረስ ሄደው ነው የተቀበሏት። ከዚያ ወዲህ ሽምግልና ሲጠሩ «የተበደለው የታለ?» ሳይሉ አይቀመጡም ነበር። ሁሉም አሁን የሉም፤ አንዳንዴ ሳስበው ያ ሁሉ ሰው የት ሄደ እላለሁ።

ለንሳ ወደ ማረሚያ ቤቱ አንድም ቀን አልሄደችም። ድንቅቱም ነይ ብላት አታውቅም። ወጡን ግን የምትሠራው ለንሳ ነበረች፤ ድንቅቱ ገበያ ስለምትውል። አንድ ጊዜ አብሬያት ሄድኩ። ኢዶሳ አንድ ጉርሻ ጎርሶ ፊቱን ቋጠረ።

«እትዬ ድንቅቱ፣ ሁልጊዜ ልነግርሽ እያፈርኩ ነው። ይሄ ወጥ ጨው የሚባል ነገር የለውም።»

ድንቅቱ ያ የድሮ ሳቋ መጣባት፤ ዘበኛው ዞሮ እስኪያያት ድረስ ሳቀች።

«ምን ላድርግህ፣ ልጄ» አለችው፤ «የሠራችው አልታረቀችህም።»